ወሬ ከቤት እስኪደርስ

ለዚህ የመታሰቢያ መጽሔት የታሪክ ጽሑፍ እንድናቀርብ በተጠየቅን ጊዜ፣ መጀመሪያ ያሰብነው ስለ ሕንጻውና ስለ ዲሬክተሮቹ ለመጻፍ ነበር። ነገር ግን ይህን ከእኛ ይልቅ የሚያውቁት ታላላቆቻችን ጽፈውታል። ስለዚህ ዐርብ ማታ ሰንደቅ ዓላማ ሲወርድ በሰልፍ ፊት ስለሚነበበው የሳምንቱ ማስታወቂያ ብንጽፍስ ብለን ተመካከርን። አንዳንዶቹ ሳቁብን። «ማስታወቂያ ደግሞ ምን ታሪክ አለው?» አሉን።

እውነት ነው፤ ሲሰሙት ትንሽ ነገር ነው። «ሰኞ የወላጆች ስብሰባ አለ፤ ካርድ የወሰደ አስፈርሞ ይመልስ፤ ወንዝ ተሻግራችሁ የምትመጡ ሰማዩ ከጠቈረ ቀድማችሁ ተነሡ» ከማለት አያልፍም። ሆኖም ከእኛ አንዱ በገጠር በአንዲት ትንሽ ትምህርት ቤት የ8ኛ ክፍል ተማሪ ሳለ፣ ለፈተናው መመዝገቢያ የተጻፈው ስም ትክክል መሆኑን ወላጅ መጥቶ እንዲያይ በወረቀት ተጽፎ ተሰጠው። ወረቀቱን ከደብተሩ መካከል ከተተው። በመንገድ ላይ ዝናብ መታው፤ ደብተሩም ከምድጃ አጠገብ እንዲደርቅ ተሰቀለ፤ ወረቀቱ ተረሳ። አባቱ ነገሩን የሰሙት ከሁለት ቀን በኋላ ከጎረቤት ነው። እየገሠገሡ ሲደርሱ ዝርዝሩ ወደ ወረዳ ሄዶ ነበር። ከዚህም የተነሣ በምስክር ወረቀቱ ላይ የአያቱ ስም እስከ ዛሬ የሌላ ሰው ስም ሆኖ ቀርቷል። አያቱ በሕይወት አሉ፤ ይህን ሲሰሙ «እንግዲህ የማን አያት ነኝ?» ብለው ጠየቁ ይባላል። እኛም ነገሩን መመርመር የጀመርነው ከዚህ በኋላ ነው።

በጥንት ጊዜ በአገራችን ለሕዝብ የሚነገር ነገር ሁሉ የሚነገረው በአፍ ነበር። ነጋሪት ይጎሰማል፤ አዋጅ ነጋሪው ከገበያ መካከል ቆሞ ድምፁን ከፍ አድርጎ ይናገራል። የአዋጁም መግቢያ ልማድ፣ ያልሰማ እንዲሰማ፣ የሰማም ላልሰማ እንዲያሰማ የሚያዝዝ ነው። ይህን ልብ ብለን ስናየው እጅግ ብልህ ሥርዓት ነው፤ ምክንያቱም ሰሚው ሁሉ በዚያው ቅጽበት መልእክተኛ ሆነ ማለት ነው። ጨውና በርበሬ ሊገዛ የመጣ ገበሬ አዋጁንም ተሸክሞ ይገባል። ገበያ ያልወጣውንም ሰው ጭቃ ሹሙ ቀበሌ ለቀበሌ ዞሮ ያሰማዋል፤ ወይም ጎረቤቱ ከወዲህ ሸንተረር ቆሞ ወደ ማዶ ይጣራል። የእኛ አገር ገደልና ሸለቆ የበዛበት ስለ ሆነ፣ በእግር ግማሽ ቀን የሚያስኬደውን መንገድ ድምፅ በአንድ ትንፋሽ ይሻገረዋል።

ስለ ምን በገበያ ሆነ ቢሉ፣ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር የተነገረ ነገር ለክርስቲያኑ፣ ከጁምዓ ሶላት በኋላ በመስጊድ የተነገረም ለእስላሙ ይደርሳል። በወሎ ግን ሁለቱም ጎን ለጎን፣ ብዙ ጊዜም በአንድ ቤተሰብ ውስጥ የሚኖሩ ናቸው። ሁሉም በአንድነት የሚገኙበት ቦታ ገበያው ነው። የአዋጁን በጆሮ የሚሉት ተረትም ከዚህ የመጣ ይመስለናል፤ በአደባባይ የተነገረውን ነገር እንደ ምሥጢር ማንሾካሾክ የሚያስቀው፣ ገበያ የዋለ ሰው ሁሉ አስቀድሞ ስለሚያውቀው ነው።

ነገር ግን በአፍ የሄደ ቃል ፊርማ የለውም፤ መልስም ወዲያው አይጠየቅበትም። ወረቀት ሲመጣ ነገሩ ተለወጠ። ወረቀት የላከ ሰው መልስ ይጠብቃል። መልስ ሳይመጣለት ሲቀር ምን እንደሚሆን ለማወቅ ከዚህ ከእኛው አምባ የበለጠ ምስክር አይገኝም።

ዐፄ ቴዎድሮስ አምባ መቅደላን በ1848 ዓ.ም. ከያዙ ወዲህ ምሽጋቸው፣ ግምጃ ቤታቸውና እስር ቤታቸው አደረጉት። በኋላ ዐፄ የሆኑት ምኒልክ በልጅነታቸው ለ10 ዓመት ያህል በእጃቸው ተይዘው ቆይተው፣ በሰኔ 1857 ዓ.ም. ያመለጡት ከዚሁ አምባ ነው። ስለ መቅደላ ጦርነት በክፍል ውስጥ ሲነገረን ሁልጊዜ ልባችን የሚሄደው ወደ ሴባስቶፖል መድፍና እንግሊዞች ወዳመጧቸው ዝሆኖች ነበር። ለዚህ ጽሑፍ ስናነብ ግን መነሻው አንድ ደብዳቤ ሆኖ አገኘነው።

በጥቅምት 1855 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ለእንግሊዝ ንግሥት ለቪክቶሪያ ጽፈው ደብዳቤውን ለቆንስሉ ለካሜሮን ሰጡት። ቃሉ የወዳጅነት ቃል ነበር፤ መልእክተኞች ለመላክም እንደሚፈልጉ ይናገራል። ደብዳቤው በዚያው ዓመት በየካቲት ሎንዶን ደረሰ። ከዚያ በኋላ በውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ተቀመጠ። መልስ የሚጽፍለትም አልተገኘም። ከሎንዶን ሆኖ ለሚያየው ሰው ይህ በወረቀት ክምር ውስጥ የተረሳ አንድ ወረቀት ነው። በጌምድር ላይ ሆነው መልሱን ለሚጠብቁት ግን ንቀት ነበር። በ1856 ዓ.ም. ካሜሮን ታሰረ።

መልሱ የተጻፈው እስራቱ ከተሰማ በኋላ፣ በግንቦት 1856 ዓ.ም. ነው። ይዞት የመጣው ሆርሙዝድ ራሳም በሐምሌ ምጽዋ ደረሰ፤ የመግቢያ ፈቃድ ሲጠብቅም ከአንድ ዓመት በላይ በዚያው ተቀመጠ። ከንጉሠ ነገሥቱ ፊት የቀረበው በጥር 1858 ዓ.ም. ነበር። ጣታችንን ቆጥረን አሰላነው፤ ሦስት ዓመት ከሦስት ወር ሆነ። በመጨረሻም መልእክተኛው ራሱ በመቅደላ እስረኞች ላይ ተጨመረ።

ጦርነቱ በደብዳቤው ብቻ መጣ አንልም። በየአገሩ ዐመፅ ተነሥቶባቸው ነበር፤ ቍጣቸውም እየበረታ ሄዶ ነበር። ሆኖም አንድ ጸሓፊ በሎንዶን ወንበሩ ላይ ሆኖ «ደብዳቤዎ ደርሶናል» የሚል አንድ መስመር በጊዜው ቢጽፍ ኖሮ፣ የጄኔራል ናፒየር ጦር ከቀይ ባሕር ተነሥቶ እስከ በሽሎ የሚመጣበት ምክንያት ይገኝ ነበርን? እኛ በመካከላችን ተከራክረንበት አልተስማማንም። የታሪክ መምህራችንም ፈገግ ብለው ዝም አሉ።

የቀረውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ንጉሠ ነገሥቱ ሴባስቶፖልን በገደል መንገድ እያስጠረጉ ከደብረ ታቦር በኩል አምጥተው በመጋቢት 1860 ዓ.ም. መቅደላ ደረሱ። ሚያዝያ 3 ቀን በአሮጌ ሜዳ ውጊያ ሆነ፤ ሚያዝያ 6 ቀን ዐፄ ቴዎድሮስ በገዛ እጃቸው ሕይወታቸውን አሳለፉ። መድፉ ዛሬም ከአምባው ላይ አለ። ከአምባው የጠፋው መጽሐፉ ነው። ለመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ብለው ያከማቿቸውን የብራና መጻሕፍት እንግሊዞች በዝሆንና በበቅሎ ጭነው ወደ ደላንታ ሜዳ ወስደው በጨረታ ሸጧቸው፤ 350 ያህሉም ወደ ብሪታንያ ሙዚየም ገቡ። ሆኖም በእኚሁ ንጉሥ ዘመን ለእኛ የቀረልን አንድ ነገር አለ። የነገሥታት ታሪክ በግዕዝ መጻፉ ቀርቶ፣ እነ ደብተራ ዘነብ የዐፄ ቴዎድሮስን ታሪክ የጻፉት በአማርኛ ነው። እንግዲህ ወረቀቱ ሲነበብ ማንበብ የማትችል እናትም ቃሉን ታስተውለዋለች ማለት ነው።

ስለ ጥሩ ማስታወቂያ ምሳሌ ስጡ ብንባል፣ በመስከረም 1888 ዓ.ም. የዐድዋን ዘመቻ ያሳወቀውን የዐፄ ምኒልክን አዋጅ እንጠቅሳለን። ምክንያቱን ይናገራል፤ ቀኑን ይናገራል፤ ቦታውን ይናገራል። የሸዋ ሰው እስከ ጥቅምት እኩሌታ ወረኢሉ ላይ እንዲገኝ አዘዘ። ወረኢሉ ከዚህ ከእኛ ሩቅ አይደለም። ከዚያ ወዲህ የደረሰንን የስብሰባ ወረቀት ስንመለከት፣ አንዳንዱ ሰዓቱን፣ አንዳንዱም ቀኑን ረስቶት እናገኘዋለን። ስለዚህ የሚጽፉልን ሰዎች ይህን አዋጅ ቢያነቡት አይከፋም።

ፖስታ በ1886 ዓ.ም. ተቋቋመ። በ1917 ዓ.ም. ብርሃንና ሰላም የተባለው ሳምንታዊ ጋዜጣ፣ በ1933 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ ዘመን መታተም ጀመሩ፤ አዲስ ዘመንም በመጀመሪያው በሳምንት አንድ ጊዜ የሚወጣ ነበር። ነገር ግን ጋዜጣ ያለ አንባቢ ወረቀት ነው። በእኛ ደጋ ማንበብ የሚችሉት በአብዛኛው በቤተ ክርስቲያን የተማሩት ወይም በሐሪማ የቀሩት ነበሩ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳንጠቅስ ማለፍ አንፈልግም። በወሎ ሐሪማዎች አማርኛን በዓረብኛ ፊደል የመጻፍ ልማድ አለ፤ አጀሚ ይሉታል። ስለዚህ በትምህርት ቤት መዝገብ «ማንበብ አይችሉም» ተብለው የተጻፉ አባት፣ በቤታቸው መንዙማ በአጀሚ እያነበቡ የሚያመሹ ሊሆኑ ይችላሉ። መዝጋቢው የጠየቃቸው ስለ አንዱ ፊደል ብቻ ነው።

ወሬ ሲዘገይ የሚያስከፍለውን ዋጋ ወሎ ከሌላው ይልቅ ያውቀዋል። ከደሴ እስከ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በመኪና የአንድ ቀን መንገድ። ሆኖም በ1965 ዓ.ም. ሕዝብ በረኃብ ሲያልቅ ወሬው ይህን መንገድ ለመሄድ ወራት ፈጀ። የዩኒቨርሲቲ መምህራን ከወሎ ያመጡትን ፎቶግራፍ በአዲስ አበባ አሳዩ፤ በጥቅምት 1966 ዓ.ም. ደግሞ ጆናታን ዲምብልቢ የተባለ ጋዜጠኛ የሠራው ፊልም በእንግሊዝ አገር ታየ። ዓለም የሰማው ያን ጊዜ ነው። ስለዚህ ዘመን አያቶቻችንን ስንጠይቅ ብዙ አይናገሩም።

በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተጀመረ። ገበሬውና ባለቤቱ ከሥራ በኋላ ፊደል ቆጠሩ፤ ዘመቻውም በማግሥቱ ዓመት ከዩኔስኮ ሽልማት አገኘ። ከእኛ የአንዷ አያት በዚያን ጊዜ ነው ስማቸውን መጻፍ የተማሩት። ሌላውን ሁሉ ረስተውታል፤ ስማቸውን ግን አልረሱም። ካርድ ሲመጣላቸው አሻራ ማድረግን እንደ ውርደት ይቈጥሩታል፤ እስክሪብቶውን ተቀብለው፣ መነጽራቸውን አስፈልገው፣ ቡና እስኪፈላ ድረስ በዝግታ ይፈርማሉ። በዚያ ቤት ልጆቹ ካርድ የሚያስፈርሙት ከአባት ሳይሆን ከአያት ነው።

ፊደሉን የሚያውቀው ልጁ ብቻ በሆነበት ቤት ግን ሥልጣኑ ተገልብጧል። በጥንት አዋጅ ነጋሪው የንጉሥ ሰው ነበር፤ ዛሬ አዋጅ ነጋሪው ስለ ራሱ የተጻፈውን የሚያነብ ልጅ ነው። ይህን ስንጽፍ ሁላችንም ትንሽ አፍረናል። «ወላጅ ይዘህ ና» የሚለውን ወረቀት ይዞ ገብቶ፣ አባቱ «ምን ይላል ልጄ?» ሲሉት፣ «አባዬ፣ ልጅዎ ጎበዝ ነው ይላል» ያለ ጓደኛ አለን። አባቱም ደስ ብሏቸው ወረቀቱን አጥፈው ከዳዊታቸው ውስጥ አኖሩት። እውነቱ የወጣው በሦስተኛው ሳምንት መምህሩ በገበያ አግኝተው ሲያነጋግሯቸው ነው። እነሆ፣ እንደ ገና ገበያ!

አሁን በትምህርት ቤታችን የሚኒ ሚዲያ ክበብ አለ፤ በዕረፍት ሰዓት በድምፅ ማጉያ ዜና እናነባለን። ለአንዳንድ ወላጆችም በስልክ መልእክት ይላካል፤ ኔትወርክ ሲኖርና ባትሪው ሲሞላ ይደርሳል። ቢሆንም ባለፈው ዓመት ለወላጆች ቀን የተጠሩትን ወላጆች ጥሪውን ከማን እንደ ሰሙ ጠይቀን ነበር። አንዲት እናት ከእንቁላል ሻጭ፣ አንድ አባት ከመስጊድ፣ ሌላው ደግሞ ከዕድር ለፋፊ ሰምተው ነበር።

ከጓደኞቻችን የአንዷ አባት ግን የሰሙት ከትንሿ ልጃቸው ነው። እሷም ቀኑን አሳስታ ቅዳሜ ብላ ነግራቸዋለች፤ በዓሉ እሑድ ነበር። ሰውየው ንጹሕ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ሌሊት ተነሥተው ቅዳሜ ጧት ከበሩ ደረሱ። ሜዳው ባዶ ነው። ዘበኛው ወንበር አውጥቶ ቡና አጠጣቸውና ነገሩን አስረዳቸው። እሳቸውም አልተቆጡም፤ ከተማ ዘመድ ቤት አድረው በማግሥቱ ከሁሉ ቀድመው መጡ፤ ከፊተኛውም ረድፍ መካከለኛው ወንበር ላይ ተቀመጡ።