ሠራተኛን በሥራው ላይ ያሳየ ፎቶግራፍ አንሺ

ታሪክ ስናነብ ሕንፃ ያሠራውን እናውቃለን፤ የሠራውን ግን አናውቅም። ይህን ጉድለት በካሜራ ለመሙላት ከደከሙት አንዱ አሜሪካዊው ሉዊስ ሃይን ነው።

ሃይን (1874–1940 እ.ኤ.አ.) አስቀድሞ በኒው ዮርክ መምህር ነበረ። በ1908 እ.ኤ.አ. መምህርነቱን ትቶ በጥጥ ፋብሪካና በድንጋይ ከሰል ማውጫ የሚደክሙትን ሕፃናት ፎቶግራፍ ያነሣ ጀመር። ቁመታቸውንም በገዛ ልብሱ ቁልፎች እየለካ ይመዘግብ ነበር። በ1938 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ መንግሥት የሕፃናትን ሥራ የሚወስን ሕግ አወጣ።

በ1930 እ.ኤ.አ. ባለ 102 ፎቁ ኤምፓየር ስቴት ሲሠራ፣ ዕድሜው ከ50 ያለፈው ሃይን ከሠራተኞቹ ጋር ወደ ላይ ወጣ። ከሕንፃው ውጭ በተንጠለጠለ ቅርጫት ሆኖ፣ ብረት ከብረት የሚያያይዙትን ሰዎች አነሣ። እርሱ ራሱ ግን በድህነት ሞተ።

በአገራችንም ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን መስደብ የሚከለክል አዋጅ አውጥተው ነበር። አዋጅ ምላስን ይገታል፤ ዓይንን የሚያስተምር ግን እንደ ሃይን ያለ ሥራ ነው። እንግዲህ እኛ ተማሪዎች የለበስነውን ሸማ የሸመነውን፣ እንጀራችን የሚጋገርበትን ምጣድ የሠራችውን በሥራቸው ላይ ሳሉ አስተውለን እንመልከት፤ ሙያቸውንም እናክብር።