ከዚንክ እስከ ናፍጣ፦ የኤሌክትሪክ መርከብ የመጀመሪያ ዘመን

የኤሌክትሪክ መርከብ ሲባል የዘንድሮ ወሬ ሊመስላችሁ ይችላል። ግን እ.ኤ.አ. በ1838፣ የቤት አምፖል እንኳ ሳይኖር፣ ሴንት ፒተርስበርግ ውስጥ ኔቫ ወንዝ ላይ በኤሌክትሪክ የምትሄድ ጀልባ ታይታለች።

የሠራት ትውልደ ጀርመናዊው ሞሪትዝ ያኮቢ ነው፤ ገንዘቡን የሰጠው ደግሞ የንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኒኮላስ መንግሥት። ጀልባዋ 8 ሜትር ያህል ትረዝማለች። ደርዘን ያህል ሰው ጭና፣ ሞተሩ መቅዘፊያ ጎማዎቿን እያዞረላት ትጓዛለች። ባትሪው 320 ጥንድ የዚንክና የመዳብ ሰሌዳ ነበረው። ፍጥነቷስ? በእግሩ የሚሄድ ሰው ይቀድማታል። በቀጣዩ ዓመት ያኮቢ መዳቡን በፕላቲነም ተካው፤ ከ60 በላይ የሚሆኑ ሴሎች ብቻ በቅተውት ፍጥነቷ በሰዓት ወደ 4 ኪሎ ሜትር ከፍ አለ። ይህ ባትሪ ግን የሚሠራው በናይትሪክ አሲድ ነው፤ ሲሠራ የሚያፍን ቡናማ ጋዝ ይለቃል። ተሳፋሪው እኮ እዚያው አጠገቡ ነው የተቀመጠው!

ያኮቢ ተስፋ አልቆረጠም። በዚያው በ1839 ለማይክል ፋራዳይ በጻፈው ደብዳቤ፣ ጤና ከሰጠው በአንድ ዓመት ውስጥ ከ40 እስከ 50 የፈረስ ጉልበት ያላት መርከብ እንደሚያዘጋጅ ገልጾለታል። ያቺ መርከብ አልተሠራችም።

ለምን? ሞተሩ ደካማ መሆኑ እውነት ነው፤ ለእኔ ግን ዋናው ጣጣ ያለው ባትሪው ላይ ነው። ያኔ ባትሪ ቻርጅ አይደረግም። ዚንኩ ራሱ ነዳጅ ነው፤ የድንጋይ ከሰል እሳት ውስጥ እንደሚያልቅ ሁሉ፣ ዚንኩም ባትሪው ውስጥ እየሟሟ ያልቃል። የእንግሊዛዊ ቢራ ጠማቂ ልጅ የሆነው ጄምስ ጁል፣ እሱም መጀመሪያ ኤሌክትሪክ እንፋሎትን ይተካል ብሎ ጓጉቶ ነበር፣ በ1841 ሒሳቡን ሠራው። አንድ ፓውንድ ዚንክ የሚሰጠው ሥራ፣ ምርጥ በሚባሉት የእንፋሎት ሞተሮች ውስጥ አንድ ፓውንድ የድንጋይ ከሰል ከሚሰጠው ሩቡን እንኳ አይሞላም። ዚንክ ደግሞ ከድንጋይ ከሰል እጅግ ይወደዳል። በቃ፣ ነገሩ እዚያ ላይ ቆመ።

ኤሌክትሪክ ከ60 ዓመት በኋላ፣ እዚያው ሩሲያ ውስጥ፣ በሌላ በር ተመለሰ። የኖቤል ወንድማማቾች የነዳጅ ኩባንያ በ1903 በቮልጋ ወንዝ ነዳጅ የምታመላልስ «ቫንዳል» የተባለች መርከብ አሠማራ። እያንዳንዳቸው 120 የፈረስ ጉልበት ያላቸው ሦስት የናፍጣ ሞተሮች ነበሯት። የዚያ ዘመን የናፍጣ ሞተር ግን ወደ ኋላ አይዞርም፤ የኋላ ማርሽ የሌለው መርከብ ወደብ ሲጠጋ ምን እንደሚገጥመው አስቡት። ስለዚህ የናፍጣው ሞተር ጄነሬተር ያዞራል፣ ጄነሬተሩ ለኤሌክትሪክ ሞተሩ ኃይል ይሰጣል፣ እሱ ደግሞ ፕሮፔለሩን ያዞራል። ወደ ኋላ ለመሄድ የኤሌክትሪኩን አቅጣጫ መገልበጥ ይበቃል።

ታዲያ በዚህ ሁሉ ቅብብል ኃይል ይባክናል። በ1904 የተከተለቻት «ሳርማት» ወደ ፊት ስትሄድ የናፍጣ ሞተሩን በቀጥታ ከፕሮፔለሩ ጋር አገናኝታ፣ ኤሌክትሪኩን ወደ ኋላ ለመሄድና ወደብ ላይ ለመንቀሳቀስ ብቻ አስቀረችው።