ከእጅ ወደ እጅ የዞረ ቬሎ

ነጭ ቬሎ የሙሽራ ሁሉ ልብስ የሆነው ከጥንት ጀምሮ አይደለም። ንግሥት ቪክቶሪያ እ.ኤ.አ. በ1840 ነጭ ለብሰው ከማግባታቸው በፊት፣ በእንግሊዝ አገር ብዙዋ ሙሽራ የምታሰፋው ከሠርጉ በኋላ የክት አድርጋ የምትለብሰውን ባለ ቀለም ቀሚስ ነበር። ንግሥቲቱም ቢሆኑ የቬሏቸውን ዳንቴል አኑረው በሌሎች የደስታ ቀኖች ደጋግመው ለብሰውታል።

ያገለገለ ቬሎ እጅግ የተፈለገው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ነው። በብሪታንያ እ.ኤ.አ. ከ1941 እስከ 1949 ልብስ የሚገዛው በኩፖን ነበር። ኩፖኗን ለቬሎ የጨረሰች ሙሽራ ለጫማና ለካፖርት አይተርፋትም። ስለዚህ አንዷ የእናቷን ቬሎ አስጠብባ፣ ሌላዋ ከጓደኛዋ ተውሳ፣ አንዳንዷም ከፓራሹት ሐር አሰፍታ ተዳረች። ያገለገለ ልብስ ግን ያለ ኩፖን ይገኝ ነበር። ደራሲ ባርባራ ካርትላንድ ይህን አይታ ያገለገሉ ቬሎዎችን እየገዛች፣ በጦሩ ውስጥ ላሉ ሙሽሮች በውሰት እንዲሰጡ አደረገች። አንዷ ለብሳ ስትመልስ ሌላዋ ትወስዳለች።

እኛም አገር እድር ድንኳኑንና ድስቱን ለአባሉ ያውሳል፤ በዚህ ማንም አያፍርም። ለአንድ ቀን ቬሎ ተበድረው ትዳር የሚጀምሩ ልጆቻችን ግን ጥቂት አይደሉም። በየቤታችን ሣጥን ውስጥ የተቀመጠው ቬሎ በማኅበራችን እጅ ቢሆን ስንቷን በዳረ! ስንመርጥም ሰፋ ያለውን እናስቀድም፤ ሰፊውን ማጥበብ ቀላል ነው፣ ጠባቡ ግን በስፌቱ ውስጥ ትርፍ ጨርቅ ከሌለው አይሰፋም።