ከጊዮርጊስ እስከ ማዘጋጃ ቤት፦ የቆመ ሥዕል ነፍስ ሲዘራ

ከአራዳ ጊዮርጊስ ካቴድራል እስከ ማዘጋጃ ቤቱ ሕንፃ ያለው መንገድ በእግር ጥቂት ደቂቃ ቢወስድ ነው። በዚህች አጭር ርቀት ግን የቆመ ሥዕል ከዜማ ጋር የታየበት፣ እንቅስቃሴ ያገኘበት፣ በመጨረሻም ምስልን ከምስል ማስከተል ዘውድ ለማውረድ የዋለበት ታሪክ ተከናውኗል። ዛሬ በየስብሰባው አዳራሽ ስላይድ ሲያቀርቡ ጽሑፉን የሚያስሮጡና ሙዚቃ የሚያሰሙ ባልደረቦች ጥበቡ ከኮምፒዩተር ጋር የመጣ ሊመስላቸው ይችላል፤ ዕድሜው ግን ከዚያ እጅግ የራቀ ነው።

በዓድዋ ድል መታሰቢያነት የተሠራው ባለ ስምንት ማዕዘኑ የጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን፣ እንደ ሌሎቹ የአገራችን አብያተ ክርስቲያናት ሁሉ፣ ታሪክን በተከታታይ ሥዕል ይናገራል። ምእመኑ ዐይኑን ከአንዱ ሥዕል ወደ ሌላው ሲያሻግር ጆሮው ማኅሌቱን፣ ከበሮውንና ጸናጽሉን ይሰማል። ሥዕሉ ባለበት ቆሞ ተመልካቹ ይንቀሳቀሳል። ዜማውም ለሥዕሉ ማጀቢያ ተብሎ የተደረሰ አይደለም፤ ሁለቱ የሚገናኙት በሰሚው ልብ ውስጥ ነው።

በአውሮፓ ነገሩ ሌላ መንገድ ያዘ። ሆላንዳዊው ሊቅ ክርስቲያን ሁይገንስ እ.ኤ.አ. በ1659 ገደማ በመስታወት ላይ የተሣለን ሥዕል በፋኖስ ብርሃን ግድግዳ ላይ የሚጥል መሣሪያ ሠራ። ከእርሱ በኋላ የመጡት ሁለት መስታወቶችን ደርበው አንዱን በማንሸራተት ሥዕሉ እጁን እንዲያነሣ ወይም ዐይኑን እንዲያገላብጥ አደረጉ። በ18ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ሮበርትሰን የተባለው ሰው በፓሪስ ፋኖሱን በመንኮራኩር ላይ አድርጎ ከመጋረጃው በስተኋላ እየገፋ፣ የሙታን መንፈስ የሚመስለው ምስል ወደ ተመልካቹ እያደገ እንዲመጣ ያደርግ ነበር፤ በመስታወት የሙዚቃ መሣሪያም ያጅበው ነበር። ሕዝቡ የሚገባው ለመደንገጥ ነው፤ ደንግጦም ይወጣ ነበር።

አዲስ አበባም ድንጋጤዋን ቀምሳለች። በ1890 ዓ.ም. ገደማ አንድ ፈረንሳዊ የሲኒማ መሣሪያ ወደ ከተማይቱ እንዳመጣና መሣሪያው በኢጣልያው ልዑክ በቺኮዲኮላ በኩል ለዳግማዊ ምኒልክ እንደቀረበ ታሪክ ጸሐፊዎች መዝግበዋል። ቆየት ብሎ ለሕዝብ የተከፈተውን ሲኒማ ቤት ከተሜው «የሰይጣን ቤት» አለው። በሥዕል የከበረው ቅዱስ በቦታው ጸንቶ ሲኖር በግድግዳ ላይ የሚሮጥ ጥላ ሲታይ፣ ስሙ ያለምክንያት አልወጣለትም።

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራውን የጀመረው ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም. በአዲሱ ማዘጋጃ ቤት ሕንፃ ውስጥ ነው። ዕለቱ የዘውድ በዓል ነበር፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1923 ዓ.ም. በዚሁ ዕለት ዘውድ የጫኑት እዚያው አጠገብ በጊዮርጊስ ነው። በዚያ ዘመን የቴሌቪዥን ጣቢያዎች ከፊልም ማሳያው ጎን የስላይድ ማሳያ ነበራቸው፤ በዝግጅቶች መካከል ክፍተት ሲፈጠር አንድ የቆመ ምስል ወጥቶ ከሥሩ ሙዚቃ ይለቀቃል። ሙያው በአገራችን ብዙ ሰው ዘንድ የደረሰው በዚህ ዓይነት ነው።

ዐሥር ዓመት ሳይሞላ ጣቢያው በመሥራቹ ላይ ዞረ። እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ስለ ወሎ ረሃብ ያዘጋጀው ፊልም ጥቅምት 1966 ዓ.ም. በአገሩ ታይቶ ነበር። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ፣ የዘመን መለወጫ ዕለት፣ ያው ፊልም በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ቀረበ፤ የቀረበው ግን እንደተሠራ አልነበረም። በረሃብተኞቹ መካከል የቤተ መንግሥት ግብዣና ንጉሠ ነገሥቱ ውሾቻቸውን ሥጋ ሲመግቡ የሚያሳዩ ምስሎች ገቡበት። ንጉሡም እንዲመለከቱት እንደተነገራቸው ተጽፏል። በማግሥቱ ጠዋት ከዙፋናቸው ወረዱ።

ለሙያው ሰው ከዚህ ይልቅ ሊጠና የሚገባው ጥቂት ነው። ከምስሎቹ አንዱም ሐሰት አልነበረም፤ ረሃቡም ነበረ፣ ግብዣውም ነበረ። የተጨመረው ቅደም ተከተል ብቻ ነው። ይሁን እንጂ ሕዝብ ለምን ተራበ የሚለው ሰፊ ጥያቄ፣ የመሬቱን ሥሪት፣ ድርቁን፣ የእርዳታውን መዘግየት የሚያካትተው ጥያቄ፣ በአንድ አረጋዊ ንጉሥ ማዕድ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። ዘውዱ መውረድ ነበረበት የሚል ሰው እንኳ ይህን ጉድለት መካድ አይችልም።

ጥያቄው ባለመመለሱም ተመልሶ መጣ። መስከረም 1977 ዓ.ም. የአብዮቱ ዐሥረኛ ዓመትና የኢሠፓ ምሥረታ ሲከበር ጣቢያው በቀለም ማሰራጨት ጀመረ፤ ሰልፉና ሰንደቁ በቀለም ታየ። በዚያን ጊዜ ወሎ እንደገና ተርቦ ነበር። ጥቅምት 13 ቀን የሞሐመድ አሚን ካሜራ ከኮረም ያመጣውን ምስል ለዓለም ያሳየው የለንደኑ ቢቢሲ ነው።

ፓወርፖይንት የተባለው ፕሮግራም ገበያ ላይ የዋለው ከዚህ ጥቂት ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ1987 ነው። የመጀመሪያው እትም በጥቁርና ነጭ ገጽ ከማዘጋጀት አያልፍም ነበር፤ ምስል የማፈራረቅና ድምፅ የመጨመር ችሎታ የመጣው በ1992 በወጣው ሦስተኛ እትም ነው። ኮዳክም በ2004 የስላይድ ማሳያ መሣሪያ መሥራት አቆመ። በ1967 ዓ.ም. በማዘጋጃ ቤቱ ሕንፃ የፊልም መቁረጫ ክፍል፣ ባለሙያዎችና የደርግ ፈቃድ ያስፈለገውን ሥራ፣ ዛሬ በፒያሳ አንድ የቢሮ ሠራተኛ ለነገው ስብሰባ ሲዘጋጅ በአንድ ምሽት ብቻውን ይጨርሰዋል።