ነፍሰ ገዳዮች

ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ኬፕ ኤፒክ የሚባል የተራራ ብስክሌት ውድድር አለ። ከ2004 ጀምሮ ሲካሄድ የኖረ፣ ስምንት ቀን የሚፈጅ ውድድር ነው። ተወዳዳሪዎቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ነው የሚነዱት፤ ሁለቱ ከሁለት ደቂቃ በላይ ከተራራቁ ይቀጣሉ። ከእውቆቹ ስፖርተኞች ኋላ የሚጎተተው ብዙው ሰው ግን ደመወዙን ከሌላ ሥራ የሚያገኝ ነው። ከኪሱ ከፍሎ፣ ወራት ተለማምዶ፣ አቧራና ዳገት ሊበላ ይመጣል። ስምንቱን ቀን ጨርሶ ሲመለስ የሚያወራው ደግሞ ስለ ቀላሎቹ ቀናት አይደለም። ስለዚያች ስለ አንዷ ክፉ ቀን ነው።

የሰው ልጅ መከራውን በገንዘብ መግዛት ከመቼ ጀመረ? እርግጥ በጾምም፣ በሱባዔም፣ በእግር ጉዞ ወደ ደብር በመሄድም ሥጋን ማድከም ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። የብስክሌት ውድድር «ክፉ ቀን» ግን የልደት ቀኑ ይታወቃል፤ ሐሙስ፣ እ.ኤ.አ. ጁላይ 21 ቀን 1910። በእኛ ሐምሌ 14 ቀን 1902 ዓ.ም. መሆኑ ነው፤ አጤ ምኒልክ ታመው በተኙበት ዘመን። (ከዚህ በኋላ የምንጠራቸው ዓመታት በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ቱር ዴ ፍራንስ የተወለደው ለስፖርት ተብሎ ሳይሆን ጋዜጣ ለመሸጥ ነው። «ሎቶ» የሚባለው የፓሪስ የስፖርት ጋዜጣ (ከሎተሪ ጋር ዝምድና የለውም) በ1903 ውድድሩን የጀመረው ተቀናቃኙን ከገበያ ለማስወጣት ነበር። በዓመቱም ተሳካለት። ዋና አዘጋጁ ኦንሪ ዴግራንዥ ራሱ የቀድሞ ብስክሌተኛ ነው፤ በ1893 የአንድ ሰዓት ክብረ ወሰን ያስመዘገበ ሰው። ለእሱ ምርጡ ቱር አንድ ሰው ብቻ የሚጨርሰው ቱር ነው እያለ ይናገር ነበር ይባላል። ጋዜጣ ግን በየዓመቱ አዲስ ወሬ ይፈልጋል፤ ሜዳውንና ትንንሾቹን ኮረብታዎች አንባቢ ለምዷቸዋል።

እዚህ ላይ አልፎንስ ስቴኔስ የሚባል የጋዜጣው ባልደረባ ብቅ ይላል። ሐሳቡ ውድድሩን በፈረንሳይና በስፔን መካከል በተዘረጉት የፒሬኔ ተራሮች ላይ ማሳለፍ ነበር። ዴግራንዥ እንደ እብደት ቆጠረው። ስቴኔስ ግን መንገዱን ሄዶ ሊያይ ተነሣ።

ያኔ ቱርማሌ ላይ የነበረው መንገድ ዛሬ የተራራ ብስክሌት ይዘን ካልሆነ ደፍረን የማንገባበት ዓይነት ነው። ጠጠር፣ ጭቃ፣ ከብት የሚነዳበት ጥርጊያ፣ ጫካው ውስጥም ድብ። የተራራው ጫፍ 2,115 ሜትር ነው። አዲስ አበባ ተቀምጦ ይህን ቁጥር ለሚያነብ ምንም ላይመስለው ይችላል፤ እኛ ቡና የምንጠጣው ከዚያ ከፍ ብለን ነው። ነገሩ ግን ከፍታው ላይ አይደለም፣ አቀበቱ ላይ ነው። ከግርጌው መንደር ከሴንት ማሪ ደ ካምፓን እስከ ጫፉ በ17 ኪሎ ሜትር ውስጥ ከ1,200 ሜትር በላይ ይወጣል። የዓባይን በረሃ ከድልድዩ ወደ ጎሐ ጽዮን በአውቶቡስ የወጣ ሰው ሞተሩ እንዴት እንደሚያቃስት ያውቃል። አውቶቡሱን በእግራችሁ እየመታችሁ እንደምታወጡት አስቡት።

ስለ ስቴኔስ ጉዞ ሲተረክ የኖረው እንዲህ ነው። በመኪና ሽቅብ ወጣ። ጫፉ ሊደርስ አራት ኪሎ ሜትር ያህል ሲቀረው በረዶ መንገዱን ዘጋው። ሾፌሩ ተመለሰ፣ እሱ በእግሩ ቀጠለ። መሸ። በጨለማ በረዶ ውስጥ ወደቀ፣ ተነሣ፣ መንገድ ጠፋው። ሰዎች ፍለጋ ወጡ። ከተራራው ማዶ ባሬዥ የምትባል መንደር ሲደርስ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ ሆኖ ነበር፤ በብርድ ደርቆ፣ ግማሽ ሬሳ መስሎ። ከዚያ ልብሱን ቀይሮ ትንሽ ካረፈ በኋላ ለዴግራንዥ ቴሌግራም ላከ። መልእክቱ ባጭሩ፦ ቱርማሌን ተሻግሬያለሁ፣ መንገዱ እጅግ ጥሩ ነው፣ ያለ ምንም ችግር ያሳልፋል።

በዚህ ቴሌግራም ጉዳይ እኛ ራሳችን ሁለት ቦታ ተከፍለናል። ከመካከላችን ገሚሱ «ከባድ ነገር የሚጀምረው እንዲህ ባለ ጀብደኛ ውሸት ነው» ባይ ነው፤ እውነቱን ቢጽፍ ኖሮ ቱርማሌን ዛሬ ማንም አያውቀውም ነበር። ሌሎቻችን ደግሞ የሚያሳስበን ውሸቱ የማን እግር ላይ እንደወደቀ ነው። ስቴኔስ በብስክሌት አይወጣውም። ዴግራንዥም አይወጣውም። ዜናው ሲወጣ ከተመዘገቡት 136 ሰዎች 26ቱ ስማቸውን ማሰረዛቸው ይነገራል። የቀሩት 110 ተነሡ።

እነማን ናቸው እነዚህ? ጥቂቱ በብስክሌት ፋብሪካዎች የተቀጠረ ባለሙያ ነው። ሌላው «ብቸኛ» የሚባለው፣ ቡድን የሌለው፣ ማደሪያውንና ምግቡን ራሱ የሚፈልግ ምስኪን ነው። የሁሉም ብስክሌት ከባድ ብረት ነው፤ እንደዛሬው ማርሽ መቀየሪያ የለውም። ቱር ዴ ፍራንስ ማርሽ መቀየሪያ የፈቀደው በ1937 ነው! ትርፍ ጎማ በትከሻ ላይ ይጠቀለላል። ደክሞት የሚያቋርጠውን ሰው እየለቀመ ከኋላ የሚከተል መኪናም ያን ዓመት ተጨመረ፤ «መጥረጊያ መኪና» ተባለ። ስሙ ራሱ ይናገራል።

ዴግራንዥ ታሞ ወደ ፓሪስ ስለተመለሰ ኃላፊነቱን የያዘው ቪክቶር ብሬየር ነበር። (ሕመሙ የቀኑን መዘዝ ፍራቻ ነው ብለው የሚያሙት አሉ። እኛም ሐሜቱን አልጠላነውም።)

ከሌሊቱ 9:30 ሉሾን ከተማ ላይ በጨለማ ተለቀቁ። መድረሻው ባዮን፤ ርቀቱ 326 ኪሎ ሜትር። በመካከሉ ፔሬሱርድ፣ አስፓን፣ ቱርማሌ፣ ኦቢስክ ተደርድረዋል። የ22 ዓመቱ ፈረንሳዊ ኦክታቭ ላፒዝ የመጀመሪያዎቹን ሦስቱን እየመራ ተሻገረ። ቱርማሌን ግን ሁሉንም በመንዳት አልነበረም፤ ወርዶ ብስክሌቱን እየገፋ የወጣበት ቦታ ብዙ ነው። አንዴም ሳይወርድ ቱርማሌን የጨረሰው ጉስታቭ ጋሪጉ ሲሆን ለዚህ 100 ፍራንክ ተሸለመ። ቀኑ ካፈራቸው ሥራዎች ሁሉ ለእኛ ትልቁ ይሄ ነው፣ ግን ማንም አያነሣውም።

ኦቢስክ ጫፍ ላይ ብሬየርና ስቴኔስ ቆመው ይጠብቃሉ። ሰዓቱ ያልፋል፣ ሰው የለም። በመጨረሻ አንድ ሰው እየተንገዳገደ መጣ፤ የትኛውም ዝነኛ አይደለም። ማን ነህ? ሌሎቹስ የት አሉ? ቢሉት አልመለሰም። አለፋቸው። ላፉርካድ የሚባል ብቸኛ ነበር፤ የዚያው አካባቢ ልጅ። ከሩብ ሰዓት በኋላ ላፒዝ ብስክሌቱን እየገፋ ደረሰ። አዘጋጆቹን አይቶ የተናገረው በየመጽሐፉ በልዩ ልዩ መልክ ይጠቀሳል፣ አንዷ ቃል ግን ከሁሉም አትጠፋም፦ ነፍሰ ገዳዮች!

ቁልቁለቱን ስወርድ አቋርጣለሁ ብሎም ነበር። አላቋረጠም። ላፉርካድን ያዘው፣ አለፈው፣ ከጣልያኑ አልቢኒ ጋር ተፎካክሮ ባዮን ላይ በ14 ሰዓት ከ10 ደቂቃ አሸነፈ። የመጨረሻዎቹ ከእሱ ብዙ ሰዓት ዘግይተው ገቡ። ፓሪስ ሲደረስ ከ110ሩ የቀሩት 41 ነበሩ። በነገራችን ላይ በዚያ ቱር የሞተ ተወዳዳሪ አለ፤ ግን ተራራ ላይ አይደለም። ኤሊዬር የሚባለው በዕረፍት ቀን ኒስ ላይ ባሕር ሲዋኝ ነው የሞተው።

ላፒዝ ቱሩንም አሸነፈ። ያኔ ቆጠራው በሰዓት ሳይሆን በየቀኑ በሚያዝ ደረጃ ድምር ነበርና፣ 63 ነጥብ ይዞ 67 የያዘውን ሉክሰምበርጋዊ ፍራንሷ ፋቤርን ቀደመ። ሁለቱም አላረጁም። ፋቤር በፈረንሳይ የውጭ ዜጎች ጦር ውስጥ ሆኖ በ1915 ግንባር ላይ ወደቀ። ላፒዝ ተዋጊ አብራሪ ሆኖ በጁላይ 14 ቀን 1917፣ በፈረንሳይ ብሔራዊ በዓል ዕለት፣ አውሮፕላኑ ተመትቶ ሞተ። ጦርነት ነፍሰ ገዳይ ለሚለው ቃል ሌላ ትርጉም ሰጥቶታል።

አዘጋጆቹ ከስድቡ ምን ተማሩ? በዓመቱ፣ በ1911፣ ከቱርማሌ የሚበልጠውን የአልፕስ ተራራ ጋሊቢዬን ጨመሩበት። የላፒዝ ጩኸት የጋዜጣው ምርጥ ማስታወቂያ ሆኖ ነበርና።

ደንቡም አልላላም። በ1913 ዩዤን ክሪስቶፍ ውድድሩን በሚመራበት ቀን ቱርማሌን ሲወርድ የፊት ጎማውን የያዘው ሹካ ተሰበረ። ሌላ ብስክሌት መቀበል ክልክል ነው፣ የሰው እጅ መንካት ክልክል ነው። ብስክሌቱን ተሸክሞ ከአሥር ኪሎ ሜትር በላይ በእግሩ ወርዶ ሴንት ማሪ ደ ካምፓን ላይ አንጥረኛ ቤት አገኘ። ዳኞቹ እያዩት ብረቱን ራሱ አግሎ፣ ራሱ ቀጥቅጦ ሠራው። ሰዓታት ፈጀበት። ሆኖም ሁለት እጅ ብቻ ነው ያለውና ወናፉን አንድ ትንሽ ልጅ ነፋለት። ልጁ ወናፍ ስለነፋ ክሪስቶፍን የደቂቃ ቅጣት ጣሉበት። ኬፕ ኤፒክ ላይ ጓደኛህን ጥለህ ከሄድክ ትቀጣለህ፤ እዚህ ደግሞ ሰው ስለረዳህ።

እኛን የሚመለከት ነገርም አለ። የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ የቱር ዴ ፍራንስ ተወዳዳሪ ጽጋቡ ግርማይ በ2016 ለላምፕሬ ሜሪዳ ቡድን ሲወዳደር ስምንተኛው ቀን ከፖ ወደ ሉሾን ነበር። ቱርማሌንም ፔሬሱርድንም ተሻግሯል፤ ላፒዝ በመጣበት አቅጣጫ ግልባጭ። ማርሽ ነበረው፣ አስፋልት ነበረው፣ ከኋላው ውኃና ምግብ የጫነ የቡድን መኪና ነበረው። ዳገቱ ግን ያው ዳገት ነው።

ዛሬ ቱርማሌ ጫፍ ላይ በብረት የተሠራ ግዙፍ ብስክሌተኛ ቆሟል፤ አፉን ከፍቶ አየር የሚለምን። ላፒዝን እንዲያስታውስ ተብሎ በ1999 የተሠራ ነው። ክረምቱ እንዳይጎዳው በበልግ ያወርዱታል፣ ሰኔ ላይ ብዙ ብስክሌተኞች አጅበውት ይመልሱታል። አጃቢዎቹ እያለከለኩ ይነዳሉ፤ ላፒዝ በጭነት መኪና ነው የሚወጣው።