አሳሽ ሌላ፣ መሪ ሌላ

«በእጅ የሚያዝ የባሕር ኃይል ራዲዮ ከሳተላይት አሰሳ ካርታዎች ጋር።»

ነገሌ ቦረና ውስጥ ለአንድ ሥልጠና ከታደለ ወረቀት ላይ እንዳለ የገለበጥኩት ነው። ወረቀቱን ያዘጋጀው ማን እንደሆነ አልናገርም፤ ጥፋቱም የእሱ ብቻ አይደለም። ዕቃው ራሱ ምንም ነውር የለበትም። ጀልባ ላይ የሚሠራ ሰው በአንድ እጁ የሚይዘው፣ ውሃ የማያስገባ፣ ከእጅ ቢያመልጥ የሚንሳፈፍ የመገናኛ ሬዲዮ ነው። ሆዱ ውስጥ ጂፒኤስ፣ ፊቱ ላይ ካርታ አለው። ባሕሩ ከነገሌ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ቢርቅም፣ ገናሌና ዳዋ ሲሞሉ፣ ዶሎ አዶ በኩል ጎርፍ መንደር ሲከብ፣ ጀልባ የሚነዳ ሰው እንዲህ ያለ ሬዲዮ ቢይዝ አይደንቅም። የሚደንቀው ስሙ ነው።

የባሕር ኃይል ምን አገባው? ባሕር ኃይል ጦር ነው። ዓሣ አጥማጁም ሆነ የጭነት መርከቡ የሚይዙት ሬዲዮ የባሕር ሬዲዮ ይባላል፣ አለቀ። ይህን አንድ የእርማት ብዕር ያቃናዋል፤ እንለፈው። የማላልፈው «አሰሳ»ን ነው፤ እሱ ከወረቀቱ አልፎ በየስልካችን የአማርኛ ዝርዝር ውስጥ ገብቶ፣ «ናቪጌሽን» ለሚባለው ነገር ሁሉ መጠሪያ ሆኖ እየተስፋፋ ነው።

ማሰስ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው እናቱ እንጀራ ስትጋግር ያየ ሰው ነው። ምጣዱ ሲግል ጎመን ዘር በተን ይደረግበትና በማሰሻው ከዳር እስከ ዳር ይታሰሳል። ማሰሻው ያልነካው ቦታ ላይ እንጀራው ይያዛል፤ ስለዚህ አንድም ቦታ አይዘለልም። የቃሉ ጠባይ ይኸው ነው፦ ምንም ሳያስቀሩ ማዳረስ። ሀገር አሳሽ የምንለው ሰው የማያውቀውን ምድር ያዳረሰውን ነው። ወታደር ጫካ ሲያስስ እያንዳንዱን ቁጥቋጦ ይፈትሻል። (ኢንተርኔት መክፈቻውን «ማሰሻ» ያሉት ሰዎች ወጥ ቤት ገብተው ያውቁ ይሆን እያልኩ አንዳንዴ ለብቻዬ እስቃለሁ፤ ግን እዚያ እንኳ ቢያንስ ፍለጋ አለ።)

ጂፒኤስ የያዘ ሰው ግን ምንም አያዳርስም። መድረሻውን ያውቃል፤ ዕቃው የቆመበትን ቦታ ይነግረዋል፣ የቀረውን ርቀትና አቅጣጫ ይነግረዋል፣ እሱ ይሄዳል። አሳሽ ያላወቀውን ይፈልጋል፤ ይኼኛው ያወቀው ዘንድ ይደርሳል። ተቃራኒ ሥራዎችን በአንድ ቃል ጠርተን እንዴት እንግባባለን?

ደግሞ ቃሉ የት እንደሚነገር ማየት ነው። በደቡብ ቆላ ከተሞች፣ ከነገሌ እስከ ሞያሌ፣ «ነገ አሰሳ አለ» ብለህ ገበያ መሐል ብትናገር ስለ ሳተላይት የሚያስብ አንድ ሰው አታገኝም። ሰው ጉዞውን ይሰርዛል፣ ልጁን ከቤት እንዳይወጣ ያስጠነቅቃል። የመገናኛ ሬዲዮ በያዘ ሰው አፍ ሲነገርማ ይብሳል።

ወረቀቱን ያሰናዳው ሰው ዙሪያውን ቢጠይቅ ኖሮ ልዩነቱን የሚነግሩት ሞልተው ነበር። ቦረናዎች ከብት ከመንዳታቸው በፊት ግጦሽና ውሃ አይተው የሚመለሱ ሰዎች ይልካሉ፤ ሥራው አቡሩ ይባላል። ሶማሌዎቹ ሰሃን ይሉታል። የተላኩት ሰዎች ዝናብ የት እንደጣለ፣ ሣሩ ምን ያህል እንደሆነ፣ በሽታ መኖር አለመኖሩን፣ በዚያ የሰፈሩት እነማን እንደሆኑ አጣርተው ይመለሳሉ። ለዚህ «አሰሳ» ቢባል ቅር አይለኝም፤ «ቅኝት» ቢባል ግን የበለጠ እወዳለሁ። ከዚያ በኋላ መንጋው ሲነሣ፣ መንገዱን የሚያውቀው ሰው ከፊት ሆኖ ወደ ታወቀው ዔላ (የውሃ ጉድጓድ) ሲወስደው፣ ያ ሌላ ሥራ ነው። እሱ መምራት ነው።

ይህ ልዩነት ሰማይ ላይም አለ፤ ቆላው ደግሞ ሁለቱንም ዓይነት ሳተላይት ያውቃል። በቦረና ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በኦሮሚያ ኢንሹራንስ በኩል የተሸጠው የከብት መድን የሚሠራው ሳተላይት የሣሩን ልምላሜ ከላይ እያየ ነው፤ ልምላሜው ከተወሰነው በታች ሲወርድ ካሣ ይከፈላል። አፍሪስካውት የሚባለው የስልክ መተግበሪያም የግጦሹን ሁኔታ በካርታ ላይ ለአርብቶ አደሩ ያሳያል። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና የተወነጨፈችው የኛዋ ሳተላይት ኢቲአርኤስኤስ አንድም መሬት ለማየት የተሠራች ናት። እነዚህ ያስሳሉ፤ ያስሱልን። የጂፒኤሶቹ ግን መሬት አያዩም፣ ሣር አይቆጥሩም። ከ20 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ሆነው ሰዓትና ያሉበትን ቦታ ብቻ ያስተላልፋሉ፤ እጃችን ላይ ያለው ዕቃ ቢያንስ ከአራቱ ሰምቶ፣ ምልክቱ ለመድረስ ከወሰደበት ጊዜ ተነሥቶ የቆምንበትን ያሰላል። ሁለቱንም በ«ሳተላይት አሰሳ» ስም ከጠራን፣ ያቤሎ ላይ ስለ መድን የሚያወራው ሰውና ዶሎ ላይ ስለ ጀልባ የሚያወራው ሰው አንድ ነገር ያወሩ ይመስላቸዋል።

ምን እንበለው ታዲያ?

«ዳሰሳ» የሚሉ አሉ። መዳሰስ በእጅ መንካት ነው፤ በጨለማ ግድግዳ ይዞ የሚሄድ ሰው ይዳስሳል። «የዳሰሳ ጥናት» ጥሩ አማርኛ ነው፣ ምክንያቱም ጥናቱ ገና ላይ ላዩን እየነካካ ነው። ሳተላይት እየነገረው የሚሄድ ሰው ግን ምን ያዳስሰዋል? ሌላም ጣጣ አለ። ሬዲዮ ይንኮሻኮሻል። በጩኸት መሐል «አሰሳ»ንና «ዳሰሳ»ን የሚለይ ጆሮ ካለ ይምጣ።

«አቅጣጫ ጠቋሚ» የተሻለ ነው፣ ብዙ ሰውም ይረዳዋል። ነገር ግን አቅጣጫ መጠቆም የኮምፓስ ሥራ ነው፤ ጂፒኤስ መጀመሪያ የሚነግረን የት እንዳለን ነው። በዚያ ላይ የዕቃው ስም እንጂ የሥራው ስም አይሆንም። «ጠቋሚ» የሚለውን ቃል ደርግ ምን አድርጎ እንዳበላሸው የሚያስታውሱ አባቶችና እናቶችም አሉ፤ ድንበር ከተማ ላይ «ጠቋሚ ይዣለሁ» ከማለት ሌላ ነገር ማለት ይሻላል።

የግዕዝ ወዳጆች «ሐዳፊ»ን ያነሣሉ፤ የመርከብ ነጂ ማለት ነው። የከበረ ቃል ነው፣ በተለይ ለባሕር ዕቃ። ግን ነገሌ ላይ የሚሠራው አማርኛ ለብዙ ሰው ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ቋንቋ ነው። በኦሮምኛ ወይም በሶማልኛ አፉን የፈታ ሹፌር ከነ መዝገበ ቃላቱ መሳፈር የለበትም።

የእኔ ምርጫ «ምሪት» ነው። የሳተላይት ምሪት፤ ባለምሪት ሬዲዮ።

ሥሩ የግዕዙ «መርሐ» ነው፦ መራ፣ መንገድ አሳየ። ከዚሁ ሥር መሪ አለ፣ መርሕ አለ፣ ማንም ሳይሰለቸው በየቀኑ የሚለው «መርሐ ግብር» አለ፣ የጀርመንን ቻንስለር ስንጠራ የምንለው «መራሔ መንግሥት» አለ። አሮጌ ሥር አዲስ ቅጠል ማብቀሉን ካሳዩን ቃላት አንዱ ነው። ሰብአ ሰገልን ኮከብ መራቸው እንላለን፤ ኮከብ አሰሰላቸው የሚል ቄስም ሰባኪም ሰምቼ አላውቅም። ከሰማይ ያለ ብርሃን መንገደኛን ወደሚፈልገው ቦታ ሲያደርስ አማርኛ ምን እንደሚል ከጥንት ጀምሮ ወስኗል፤ እኛ ኮከቡን በሳተላይት ብንተካው ግሡን መለወጥ ያስፈልጋል? የቆላው ጎረቤት ቋንቋዎችም ከዚህ አይርቁም፤ የኦሮምኛው ገጌሱም የሶማልኛው ሀጊድም መምራትን የሚናገሩ ናቸው። ስለዚህ «ምሪት» በሦስቱም ቋንቋዎች ተናጋሪዎች አእምሮ ውስጥ በር አለው።

ተቃውሞው ይታወቀኛል። ቀበሌ ወይም ማዘጋጃ ቤት «ምሪት» ከተባለ የቦታ ምሪት ነው፤ «የሳተላይት ምሪት መጣ» ቢባል ነገሌ ላይ ሰው መታወቂያውን ይዞ ሊሰለፍ ይችላል። ወንጌላውያን ዘንድ ደግሞ ምሪት ከእግዚአብሔር የሚቀበሉት ነው። ይሁን። ካርታም መጫወቻ ነው፣ የቤት ማረጋገጫ ነው፣ የአገር ሥዕል ነው፤ በአንዱ ምክንያት ሌላው ሲጠፋ አላየንም። ደግሞ ሦስቱም ምሪቶች አንድ ነገር ያደርጋሉ፦ ለሰው ቦታውን ያሳውቁታል። ከ«መሬት» ጋር በድምፅ መቀራረቡ ግን፣ «ዳሰሳ»ን የከሰስኩበት ወንጀል ስለሆነ፣ አልደብቀውም። መፍትሔው «ምሪት»ን ብቻውን አለመተው ነው፤ «ምሪት ያዝኩ»፣ «ምሪት ጠፋኝ» ሲባል መሬት ጠፋኝ ብሎ የሚሰማ የለም።

ዕቃውን «መሪ» ማለት ግን አይሆንም። መኪና ውስጥ መሪ አንድ ነው፣ እሱም ሹፌሩ እጅ ውስጥ ነው።

ከ«ምሪት» ጋር መስተካከል ያለበት ሌላው ቃል «ደቂቃ» ነው፤ እዚህ ላይ ቀልዱ ወደ አደጋ ይጠጋል። በዚያው ሥልጠና ላይ ወጣቱ አሠልጣኝ ግቢው ጥግ ቆሞ በሬዲዮ፣ «ጋሼ፣ 5 ዲግሪ ከ20 ደቂቃ ሰሜን ላይ ነኝ» ሲል፣ በዕድሜ የገፋው ሹፌር ከመኪናው ውስጥ ሆኖ፣ «20 ደቂቃ ከሆነማ ሻዬን ልጨርስ» አለው። ሁሉም ሳቀ። ሹፌሩ ግን ትክክል ነበር፤ እሱ የሚያውቀው ደቂቃ የሰዓት ነው። ነገሌ በግምት 5 ዲግሪ ከ20 ደቂቃ ሰሜን፣ 39 ዲግሪ ከ35 ደቂቃ ምሥራቅ ላይ ናት። አንዱ ዕቃ እንዲህ በደቂቃ ሲጽፍ ሌላው በነጥብ 5.333 ብሎ ይጽፋል። «5 ከ20» የሚለውን በሬዲዮ የሰማ ሰው 5.20 ብሎ ቢያስገባ 15 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ደቡብ ይወርዳል። በበጋ፣ ውሃ ጭኖ ለሚሄድ ቦቴ፣ 15 ኪሎ ሜትር ብዙ ነው። «የዲግሪ ደቂቃ» ብሎ መጥራትና ተቀባዩ ቁጥሩን መልሶ እንዲያነብ ማድረግ ንግግር ያስረዝማል እንጂ አይጎዳም።

ካርታውም የራሱ ወጥመድ አለው። የድሮው የኢትዮጵያ ካርታ ሥራ ድርጅት 1 ለ50 ሺህ ካርታዎች፣ ዛሬም በየቢሮው ግድግዳ ላይ ያሉት፣ የተሠሩት አዲንዳን በሚባለው የቅየሳ መነሻ ነው። ጂፒኤስ የሚጠቀመው ሌላ መነሻ ነው። ሁለቱን ሳያስማሙ ነጥብ ካርታ ላይ ቢጥሉ ወደ 200 ሜትር ይሳታል። ወንዝ ዳር ከሆነ ነጥቡ ማዶ ሊያርፍ ይችላል። ለዚህ «መነሻ» የሚለው ተራ ቃል ይበቃናል፤ «ዳተም» እያሉ ሰውን ማደናገር ምን ይጠቅማል።

«ፖይንት ውሰድ» የሚለውን የመስክ ሰዎች አነጋገር ግን አልነካም። «ነጥብ ያዝ» ማለት ይቻላል፣ የሚሉም አሉ፤ ሁለቱ ተፎካክረው ያሸነፈው ያሸንፍ።

የቀረው የሬዲዮው ቀይ ቁልፍ ነው። ወረቀቱ «የጭንቀት አዝራር» ይለዋል! ጭንቀት ያለበት ሰው ሐኪም ወይም ወዳጅ ያማክራል፤ ጀልባው የተገለበጠበት ሰው ግን አማርኛው «ድረሱልኝ» ነው። የድረሱልኝ ቁልፍ እንበለው፤ ሲጫኑት የሚያደርገውም ይህንኑ ነው፦ የያዡን መለያ ቁጥርና ከሳተላይት ያገኘውን ቦታ በባሕር ቻናል 70 ላይ ይልካል። መለያው ዘጠኝ አኃዝ አለው፤ ለኢትዮጵያ የተመደበው የአገር መለያ 624 ነው፣ ወደብ ኖረም አልኖረም። ወረቀቱ ያላለው ነገር ግን ከስያሜው ይበልጣል። በቻናል 70 የሚያዳምጡት መርከቦችና የባሕር ዳርቻ ጣቢያዎች ናቸው፤ የእጅ ሬዲዮው ኃይል 5 ወይም 6 ዋት ነው፤ ሞገዱም አድማስ ከጋረደው አይሻገርም። ነገሌ ወይም ዶሎ ላይ ቁልፉን የሚጫን ሰው የሚሰማው የለም፣ ሌላ ተመሳሳይ ሬዲዮ ያለው ጓደኛ በቅርብ ከሌለ በቀር። እንዲያውም የባሕር ቻናልን በየብስ መጠቀም ፈቃድ የሚጠይቅ ጉዳይ ነውና፣ ሬዲዮው ከካርቶኑ ሳይወጣ የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንን መጠየቅ ይቀድማል።