የቡና ነጋዴውና የሸንጎው ወንበር

በይርጋ ጨፌ ወረዳ የምትገኘው ኢዲዶ ከስፋቷ ይልቅ በቡናዋ ስሟ የገነነ የጌዴኦ ምድር ናት። በመኸር ወራት ገበሬው ከእንሰቱና ከጥላ ዛፉ ሥር የለቀመውን ቀይ እሸት አመሻሹ ላይ ወደ ማጠቢያ ጣቢያው ያወርዳል፤ እሸቱ ሳያድር ተፈልፍሎ በገንዳ ይዘፈዘፋል፣ በቦይ ውሃ ይታጠባል፣ ከመሬት ከፍ ባለ አልጋ ላይም ተሰጥቶ ሴቶች ግራና ቀኝ ቆመው የተሰነጠቀውንና የጠቆረውን ፍሬ በጣታቸው ይለቅማሉ። ይህ ቡና ከገበሬው ወደ ሰብሳቢ፣ ከሰብሳቢ ወደ አቅራቢ፣ ከአቅራቢም ወደ ላኪ ሲተላለፍ የኖረው በዲላ ገበያ በኩል ነውና፣ የዲላንና የአካባቢዋን ሙስሊሞች ታሪክ ለመጻፍ የሚነሣ ሰው ከመስጊዱ ደጃፍ አስቀድሞ ከዚህ የንግድ ጎዳና መጀመር ይገባዋል።

በዘመነ ምኒልክ፣ በ1880ዎቹ ዓ.ም.፣ በኋላ ደራሳ እየተባለ የተጠራው የጌዴኦ አገር በማእከላዊው መንግሥት ሥር ሲውል፣ ገበሬው ገባር ሆነ፤ ለመልከኛው፣ ለባላባቱና ለቤተ ክርስቲያን አገልጋዮች መሬት ተደለደለ። ሙስሊሙ ግን በዚህ ድልድል ውስጥ ስፍራ አልነበረውም፤ ለደብሩ የሰሞን መሬት ሲሰጥ ለመስጊድ ይህን የመሰለ ሥርዓት አልተሠራለትም። ስለዚህ ከጉራጌና ከስልጤ አገር፣ አንዳንዱም ከባሕር ማዶ ከየመን የመጣው ሙስሊም ወደ ደቡብ ከተሞች የገባው በሚዛኑና በአጋሰሱ ነበር። በጌዴኦ ተወላጆች መካከልም እስልምናን የተቀበሉ አሉ፤ ቁጥራቸው ግን ያን ጊዜም ዛሬም ጥቂት ነው። በንግድ የገባ ሰው ሀብት ያፈራል፣ ቤት ይሠራል፣ ልጆች ወልዶ ይከብዳል፤ ሆኖም አገሬው ለሦስት ትውልድ «እንግዳ» ብሎ ሊጠራው ይችላል። የኋላው ችግር ሁሉ የሚመነጨው ከዚህ ነው ብዬ አምናለሁ።

የኢጣልያ ወረራ ይህን የእንግድነት ሸክም የባሰ አከበደው። ፋሺስቱ ሕዝቡን በሃይማኖት ለመከፋፈል ሲል መስጊድ እያሠራና የዐረብኛ ትምህርት እያስፋፋ ሙስሊሙን ለማባበል ሞከረ፤ ከነጻነት በኋላም በአርበኝነት የተዋደቀው ሙስሊም ሳይቀር የጥርጣሬው ዕዳ ተረፈው። እርግጥ ነው፣ መንግሥት በ1936 ዓ.ም. ባወጣው አዋጅ የቃዲዎችን ፍርድ ቤት አጽድቆ ጋብቻን፣ ፍቺንና ውርስን በሸሪዓ እንዲዳኙ ፈቅዷል። ነገር ግን የ1948ቱ ሕገ መንግሥት የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያንን የመንግሥት ቤተ ክርስቲያን አድርጎ አጸና፤ ለሕግ መምሪያው ምክር ቤት የሚመረጠውም ንብረት ያለው ሰው እንዲሆን ደነገገ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ደግሞ ቤተ ክርስቲያኒቱን በሕግ ፊት እንደ ሰው የምትቆጠር አካል ሲያደርጋት፣ የሌሎቹን ሃይማኖቶች ነገር «ወደ ፊት ለሚወጣ ልዩ ሕግ» አቆየው።

በነዚያው ዓመታት፣ በ1950ዎቹ መግቢያ፣ የጌዴኦ ጭሰኛ ሚችሌ በተባለ ስፍራ በባለ ርስቶቹ ላይ መነሣቱ፣ በዚያ ዘመን ድምፅ ያጣው ሙስሊሙ ብቻ እንዳልነበረ ያስረዳል። ይህን የማነሣው የአንዱን በደል በሌላው ለመሸፈን አይደለም፤ የቡናው ባለቤትም የቡናው ነጋዴም በአንድ ገበያ እየተገናኙ ሁለቱም ከሸንጎው ውጭ መቆማቸውን ለማመልከት ነው።

ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. ሙስሊሞች በአዲስ አበባ አደባባይ ወጡ። ከመቶ ሺህ በላይ እንደነበሩ የሚነገርላቸው እነዚህ ሰልፈኞች፣ እኩልነትን የሚወዱ ክርስቲያኖችም አብረዋቸው ተሰልፈው፣ ዐሥራ ሦስት ጥያቄዎችን አቀረቡ፦ ሃይማኖትና መንግሥት እንዲለያዩ፣ በዓሎቻቸው እንዲከበሩ፣ በአስተዳደር፣ በዳኝነት፣ በዲፕሎማሲና በጦር ሠራዊት ሙስሊሞች እንዲሳተፉ፣ «በኢትዮጵያ የሚኖሩ እስላሞች» መባሉ ቀርቶ የኢትዮጵያ ሙስሊሞች እንዲባሉ። ዳቦ ወይም ደመወዝ የጠየቀ አልነበረም፤ የጠየቁት በገዛ አገራቸው እንደ ባለቤት መቆጠርን ነው። በንግድ ከተሞቻችን ለሚኖረው ሙስሊም ይህ ቃል እጅግ የቀረበ ነበር፣ ግብሩን እየከፈለ እንግዳ ሲባል የኖረ እርሱ ነውና።

ደርግ ሦስቱን በዓላት፣ ዒድ አል ፈጥርን፣ ዐረፋንና መውሊድን፣ ከብሔራዊ በዓላት ቈጠራቸው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅም አራሹን በሃይማኖት ሳይለይ ባለ መሬት አደረገው። በዚያው ዓመት ሐምሌ የወጣው የከተማ ቤትና ቦታ አዋጅ ግን ትርፍ ቤቶችን ወሰደ፤ የእርሻ መሬት የሌለው ነጋዴ ጥሪቱን በቤት አኑሮ ነበርና ጉዳቱ ቀላል አልሆነም።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ መሆናቸውን አጸና፤ የውክልናውን መሠረት ግን ብሔር፣ ብሔረሰብና ሕዝብ አደረገው። ለአናሳ ብሔረሰቦች በተወካዮች ምክር ቤት ከ20 የማያንስ መቀመጫ ሲለይ፣ በእምነት አናሳ ለሆነ ማኅበረሰብ እንዲህ ያለ ስፍራ የለም። ስልጤዎች፣ አብዛኞቹ ሙስሊሞች ሲሆኑ፣ በ1993 ዓ.ም. በሕዝበ ውሳኔ የራሳቸውን ማንነት አስመስክረው ዞን አቆሙ፤ በዲላ የሚነግደው የስልጤ ልጅ ግን ወንበሩ በዞኑ ከተማ በወራቤ ነው፣ ግብሩና መኖሪያው ዲላ ነው። በእምነቱም በትውልዱም አናሳ ሆኖ ሁለት ጊዜ ከቍጥር ይጐድላል። ምክር ቤት በሃይማኖት ይከፈል አልልም፤ ያ መንገድ የት እንደሚያደርስ የሊባኖስ ታሪክ ያስተምራል። ነገር ግን በብሔር ብቻ የሚቈጥር ሥርዓት እንዲህ ያለውን ዜጋ አያየውም።

የልማቱም ነገር ከዚህ አይለይም። እሸት ያወረደ ገበሬ ገንዘቡን ቶሎ ይሻል፤ ስለዚህ አቅራቢው በመኸር ወራት ብድር ያስፈልገዋል። ወለድን እምነቱ የሚከለክለው ነጋዴ ወይ ኅሊናውን ይጥሳል፣ ወይ ንግዱን ያሳንሳል። ብሔራዊ ባንክ ከወለድ ነጻ አገልግሎት በባንኮች ውስጥ እንዲሰጥ መመሪያ ያወጣው በ2004 ዓ.ም.፣ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነጻ የሆነው ዘምዘም ባንክ ሥራ የጀመረው በ2013 ዓ.ም. ነው። ከንግዱ ዕድሜ ጋር ሲነጻጸር ይህ ትናንት ነው። ያ በ1952 ዓ.ም. በቀጠሮ የቆየው ልዩ ሕግም የእስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤትን በአዋጅ ሕጋዊ ሰውነት የሰጠው በ2012 ዓ.ም. ነበር፤ ስድሳ ዓመት ሙሉ።

ጌዴኦ የራሱ የምክክር ቦታ፣ ሶንጎ፣ አለው። በዛፍ ጥላ ሥር ሽማግሌዎች ተቀምጠው ነገሩን እስኪስማሙበት ድረስ ይመክራሉ፤ በድምፅ ብልጫ የሚያልቅ ጉዳይ ሁሉ አናሳውን ሲያስቀር፣ በስምምነት የሚያልቅ ግን የጥቂቱንም ቃል ሳይሰማ አይዘጋም። ሶንጎ የጌዴኦ ጎሳዎች ሥርዓት ነውና ነጋዴው ልማዱን ይውረስ ማለቴ አይደለም። የከተማና የወረዳ ሹማምንት ግን፣ የመቃብር ቦታ ሲከለል፣ ገበያ ሲዛወር፣ የመስጊድ ይዞታ ሲለካ፣ ውሳኔው ከተጻፈ በኋላ ሳይሆን ከመጻፉ በፊት የእነዚህን ዜጎች ሽማግሌዎችና ወጣቶች ጠርተው ቢያማክሩ አዲስ ሕግ አያስፈልጋቸውም፤ ያለው ሥልጣናቸው ይበቃልና ይህን እንዲያደርጉ እንማጸናለን።